ጥግብ ብላ በላች

«ጫማዎንም ያውልቁ፣ እማማ» አለች ነርሷ።

እናትየዋ ጎንበስ ልትል ስትል ልብስ ሰፊዋ ልጇ ቀድማ ተንበረከከችና ማሰሪያውን ፈታችላት። እናትየዋ ሚዛኑ ላይ ወጣች። መርፌው ትንሽ ተንቀጠቀጠና አርባ አንድ ላይ ቆመ። ነርሷ ዓይኗን አጥብባ አየችው።

«እስቲ ይውረዱና እንደገና ይውጡ።»

ወርዳ ወጣች። አሁንም አርባ አንድ። ከአራት ወር በፊት እዚሁ ክፍል፣ እዚሁ ሚዛን ላይ አርባ ስምንት ነበረች።

«ሚዛኑ ተበላሽቶ እንዳይሆን» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«እኔን ዛሬ ጠዋት ሰማንያ ሁለት ብሎኛል። ቢበላሽማ ደስታዬ ነበር» አለች ነርሷ ቁጥሩን እየጻፈች።

ዶክተሩ ቁጥሩን ሲያይ እጁን ዘርግቶ ደብተሩን ጠየቀ። ሰማያዊ ሽፋን ያለው የተማሪ ደብተር ነው። ያሰመረችው ሠላሳ ዓመት አስተምራ በቅርቡ ጡረታ የወጣችው የልብስ ሰፊዋ ታላቅ እህት ናት፦ ቀን፣ ምን ቀረበ፣ እንዴት በላች፣ ማን አበላ። ሦስቱ ልጆች ተራ ይዘው ይጽፉበታል። ቁርሱ የልብስ ሰፊዋ፣ ምሳው የወንድሟ፣ እራቱ የታላቅ እህታቸው ነው።

«እንዲህ የሚጽፍ ቤተሰብ አይቼ አላውቅም» አለ ዶክተሩ። ምስጋናው ከልቡ ነበር። ጣቱን «እንዴት በላች» በሚለው ረድፍ ላይ ከላይ ወደ ታች አንሸራተተ። ጥግብ ብላ በላች። ጥግብ ብላ በላች። ጥግብ ብላ በላች። ገጹን ገለጠ። እዚያም ያው ነው። ሌላ ገለጠ።

«“ጥግብ ብላ በላች” ስትሉ ምን ማለታችሁ ነው?» ሲል ጠየቀ።

ጥያቄው ልብስ ሰፊዋን አስደነገጣት። ይህን ቃል በየቀኑ ስትጽፈው ከርማለች፤ ምን እንደሚል ቆም ብላ ካሰበች ግን ቆይታለች።

«ያው… እስኪበቃት ድረስ ማለት ነው። በፍላጎቷ፣ ሳትለመን፣ ሳህኑ ላይ ሳይተርፍ።»

«እውነት ነው፣ እማማ? ጥግብ ብለው ነው የሚበሉት?»

«እንዴታ፣ ልጄ! ልጆቼ ምን አጉድለውብኝ» አለች እናትየዋ ሻርፗን እያስተካከለች።

ዶክተሩ ደብተሩን ዘጋው። «እንግዲያው ነገሩ አላማረኝም። ሰው ሳይበላ ቢከሳ ምክንያቱ ይታወቃል፤ የማይበላበትን ፈልገን እናበላዋለን። ጥግብ ብሎ እየበላ በአራት ወር ሰባት ኪሎ ከቀነሰ ግን ውስጡን ማየት ያስፈልጋል። ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ከላይም ከታችም በካሜራ እናያለን።» ከመሳቢያው ወረቀት አወጣ። «ዛሬ ከስድስት ሰዓት ጀምሮ እህል እንዳይቀምሱ። ከአሥር ሰዓት ጀምሮ ደግሞ ሆድ የሚያጥበውን መድኃኒት በውሃ በጥብጣችሁ አራት ሊትር ታጠጧቸዋላችሁ።»

«አራት ሊትር?»

«ይከብዳል፣ አውቃለሁ። በዚህ ዕድሜና በዚህ ክብደት የሚያስተኛው መድኃኒትም ያለ ስጋት አይሰጥም። ፊርማ የምንጠይቀው ለዚህ ነው። አለማየቱ ግን ይብሳል።»

ልብስ ሰፊዋ አፏን ከፈተች። የዛሬው ቁርስ ፊቷ ላይ ድቅን አለባት። አንድ ዕንቁላልና ዳቦ አቅርባ ወደ ስፌት መኪናዋ ተመልሳ ነበር። ከጓዳ «ጥግብ ብያለሁ፣ ልጄ» የሚል ድምፅ ስትሰማ፣ ብድግ ብላ ጻፈችና የደንበኛዋን እጅጌ መስፋቷን ቀጠለች። በቃ፣ ይኸው ነው። ይህን ልትናገር ፈለገች። ዶክተሩ ግን አሁን አመስግኗቸው፣ ደብተሩን በክብር መልሶላት፣ ስክሪብቶውን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ነበር።

«እሺ» አለች።

ታክሲው ውስጥ እናትየዋ መሐረቧን አፏ ላይ ይዛ ዓይኗን ጨፈነች። ልብስ ሰፊዋ በሹፌሩ ተናደደች፣ በትራፊክ መብራቱ ተናደደች፣ በዶክተሩ ንጹሕ ጥፍር ሳይቀር ተናደደች። ንዴቷ የት እንደሚያርፍ ስላጣ ያገኘው ሁሉ ላይ ያርፍ ነበር።

የእናትየዋ ቤት ሁለት ክፍል ነው። የፊተኛው የልብስ ሰፊዋ ሱቅ ሆኗል፤ የኋለኛው የእናትየዋ መኝታ ነው። እንደገቡ እናትየዋ ግራጫ ቀሚሷን ይዛ ብቅ አለች።

«ይቺን ትንሽ ያዝ ያዝ አድርጊልኝ። ነገ እዚያ ስሄድ ትውለቀለቅብኛለች።»

ልብስ ሰፊዋ ቀሚሱን ተቀብላ በውስጥ ገለበጠችው። የጎኑ ስፌት ላይ የራሷ ክር ሦስት ቦታ ተደርድሮ ይታያል። አንዴ ሁለት ጣት አጥብባዋለች፤ ቆይታ ደግሞ ሁለት ጣት፤ ባለፈው ወር እንደገና ሁለት ጣት። የሰው ወገብ ግማሽ ጣት ሲለወጥ በዓይኗ የምታውቅ ሴት ናት። ደንበኛ ገና ከበር ሲገባ «ወፍረሻል» ብላ የተጣላችው አይቆጠርም። ይህችው ሴት ሜትሯን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ የእናቷን ቀሚስ ሦስት ጊዜ አጥብባ፣ ጠዋት ጠዋት «ጥግብ ብላ በላች» ብላ ጽፋለች።

ቀና ስትል ከፊት ለፊቷ ምስማሩ ላይ የወንድሟ ሱሪ ተሰቅሏል። ወገቡ እንዲሰፋለት ያመጣው ነው። ሱሪውን አየች፣ ቀሚሱን አየች። ቆሽቷ አረረ።

ደብተሩን ከቦርሳዋ አውጥታ ከመጀመሪያው ገጽ ጀመረች። የመጀመሪያው ሳምንት እውነት ነበር። «ግማሽ ዳቦ። አንድ ኩባያ ወተት፣ ያውም በልመና» ይላል የራሷ ጽሕፈት። ከሥሩ በቀይ ስክሪብቶ፣ በታላቅ እህቷ የተስተካከለ የአስተማሪ ጽሕፈት፦ «ለምን ግማሽ? ምን ስትሠሩ ነበር?» በማግስቱ ወንድሟ «ትንሽ ቀመሰች» ብሎ ጽፏል። በቀይ፦ «ትንሽ ማለት ስንት ነው?» በሁለተኛው ሳምንት ማክሰኞ ምሳ ላይ «ጥግብ ብላ በላች» ለመጀመሪያ ጊዜ ብቅ ይላል። ቀዩ ስክሪብቶ ከሥሩ ምንም አላለም። ከዚያ ወዲያ ሌላ ነገር የጻፈ የለም።

ቀዩ ስክሪብቶ የሚያስፈራው ያለ ምክንያት አልነበረም። አባታቸው የሞተ ሰሞን ታላቅ እህታቸው ለቀስተኛ በሞላበት ቤት መሐል ቆማ «አባቴን በረሃብ ነው የገደላችሁት! እኔ ስመጣ ሁልጊዜ ሳህኑ ሙሉ ነበር» ብላ ጮኻ ነበር። አባታቸው የሞተው በጉበት በሽታ ነው፤ ይህን ሁሉም ያውቃል፣ እሷም ታውቃለች። ግን አንዴ ከአፏ ወጥቷል። ደብተሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ከዚያ በኋላም «አልበላችም» ብሎ የመጻፍ ወኔ ያለው ከቤቱ ጠፋ።

ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ወንድሟ የዕቃ ማመላለሻ መኪናውን በር ላይ አቁሞ ገባ። በቤተሰቡ «ትንሹ» ነው የሚባለው፤ የመጨረሻ ልጅ ስለሆነ እንጂ በሩን የሚሞላው እሱ ብቻ ነው። ሰላምታውን ሳይጨርስ የድስቱን ክዳን ከፈተ።

«እሷ ከስድስት ሰዓት በኋላ እህል እንዳትቀምስ ተብላለች» አለችው።

«ታዲያ ይሄ ሾርባ ለማን ነው?»

«ለአንተ። እንደለመድከው ብላ።»

ጭልፋው አየር ላይ ቀረ። «ምን ማለትሽ ነው?»

«ትናንት ምሳ ምን በላች?»

«ጽፌያለሁ እኮ።»

«የጻፍከውን አልጠየቅኩህም።»

«ጥግብ ብላ…» ብሎ ጀመረና ተወው።

«ጨርሰው እንጂ!»

ትንሹ ክዳኑን ቀስ ብሎ መለሰ። «ሁለት ማንኪያ» አለ። «አንዳንዴ ሦስት።»

«ቀሪውስ?»

«“አንተ ብላልኝ” ትለኛለች። “ሳህኑ ሞልቶ ከተመለሰ እህትህ ቤቱን ታነደዋለች” ትላለች። ምን ላድርግ? እኔ ስበላ ስታይ ደስ ይላታል።»

«አራት ወር ሙሉ የእናትህን ምሳ በላህ!»

«የራሴን ምሳ በልቼ እኮ ነው የምመጣው!» አለ፣ ጥፋቱን የሚያቀልለት መስሎት።

ልብስ ሰፊዋ በሌላ ቀን ቢሆን ሆዷን ይዛ ትስቅ ነበር። «ሱሪህን ስንቴ ነው ያሰፋሁልህ?»

«ሁለቴ።»

«ሦስቴ! አራተኛው ምስማሩ ላይ ነው።»

ትንሹ ምስማሩን አየ፤ ወንበር ስቦ ቁጭ አለ። ትንሽ ቆይቶ ዝቅ ባለ ድምፅ «አንቺስ?» አላት። «ቁርስ ላይ አጠገቧ ቁጭ ብለሽ አይተሻት ታውቂያለሽ?»

ልብስ ሰፊዋ ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባች፤ ትንሹም ተከትሏት በሩ ላይ ቆመ። እናትየዋ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች፤ መሐረቡ አሁንም አፏ ላይ ነው።

«እማዬ፣ ለምንድን ነው የማትበዪው?»

«እኔ? እኔማ ጥግብ ብዬ…»

«እማዬ፣ በሞቴ፣ እሱን ቃል ተይልኝ!»

ጩኸቷ ራሷን አስደነገጣት። እናትየዋ ሁለቱን ልጆቿን ተራ በተራ አየች። ከዚያ ጣቷን አፏ ውስጥ ከትታ የታችኛውን ሰው ሠራሽ ጥርሷን አወጣችና መሐረቡ ላይ አስቀመጠችው። ልብስ ሰፊዋ ጎንበስ ብላ አየች። ድዱ ቀልቷል፤ ጥርሱ በሚያርፍበት ቦታ የምስር ፍሬ የምታህል ነጭ ቁስል አለች፤ ከጎኗም ሌላ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከአባታችሁ ሐዘን ወዲህ ላላብኝ። ከዚያ ሳኝክ ይነክሰኝ ጀመር» አለች እናትየዋ። ያለ ጥርሱ አነጋገሯ የሌላ ሰው ይመስላል።

«ለምን አልነገርሽንም?»

«ለየትኛችሁ? ለአንዳችሁ ብነግር ሌሎቻችሁ “ለምን ተደበቀብን” ብላችሁ እርስ በርስ ትባላላችሁ። ጥግብ ብያለሁ ስላችሁ ግን ሁላችሁም በሰላም ወደ ሥራችሁ ትሄዳላችሁ። ልጆች ሳላችሁ ድስቱ ሲያልቅ እንደዚያ እላችሁ አልነበር? ያኔም ማንም አልጠየቀኝም።»

በወቀሳ አልነበረም የተናገረችው፤ ስለ አየሩ ሁኔታ እንደምታወራ ነበር። ልብስ ሰፊዋን ይበልጥ ያናደዳት ይህ ነው። ብትቆጣቸው በተሻላት።

ዘጠኝ ተኩል ላይ ታላቅ እህታቸው ደረሰች። በአንድ እጇ ጠዋት ተደውሎላት ከፋርማሲ የገዛችውን የመድኃኒቱን ከረጢት፣ በሌላው ሎሚ ይዛለች። «ሎሚ ጠብ ቢደረግበት ይቀላታል ብለውኛል» እያለች፣ ማንንም ሳትጠብቅ ዱቄቱን ጆግ ውስጥ ገልብጣ ውሃ ጨመረችበትና ታማስለው ጀመር። «ወረቀቱን ፈረምሽ?»

«አልፈረምኩም፣ እትዬ። እሱን መድኃኒትም አትጠጣም።»

ማንኪያው ቆመ። ልብስ ሰፊዋ ሁሉንም ነገረቻት፤ የጥርሱን፣ የምሳውን፣ የቀሚሱን፣ የራሷን ቁርስ። ታላቅ እህቷ መነጽሯን ወደ ላይ ገፋ አድርጋ ሰማችና ራሷን ነቀነቀች።

«ደብተሩ ላይ እንደዚያ አይልም።»

«ደብተሩ ይዋሻል። እኛ ነን የዋሸንበት።»

«አንቺና ትንሹ ዋሽታችሁ ይሆናል! እኔ ማታ ማታ ጎኗ ቁጭ ብዬ ነው የማበላት።»

«ስንት ማንኪያ?»

«ጥግብ ብያለሁ ስትለኝ…»

«ስንት ማንኪያ ነው፣ እትዬ?»

ታላቅ እህቷ ወደ ጆጉ ዞረች። «ጥርስ ብቻ መሆኑን በምን አወቅሽ? ሌላ በሽታ ቢኖርባትስ? ኋላ ኃላፊነቱን የሚወስደው ማን ነው?»

«ይኖርባት ይሆናል። ዶክተሩ እውነቱን ሰምቶ ይወስን እንጂ! ያልበላችን ሴት እህል ከልክለን ሆዷን ልናጥባት ነው እኮ። ነገ አንድ ነገር ብትሆን፣ ለቅሶ ላይ ማን ማንን ነው በረሃብ ገደላችሁ የሚለው?»

ትንሹ ጫማውን ማየት ጀመረ። ልብስ ሰፊዋ ከአፏ ባይወጣ በወደደች፤ ግን ወጣ። ታላቅ እህቷ መነጽሯን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«እንደዚያ ካልኩ በኋላ» አለች፣ ድምፅዋ ከአስተማሪነት ወርዶ፣ «እንደዚያ ካልኩ በኋላ እኔው በራሴ እጅ “አልበላችም” ብዬ ልጻፍ?»

ከጓዳ እናትየዋ ግድግዳ ይዛ ወጣች። ከጆጉ ብርጭቆ ሞልታ አነሣች።

«እጠጣዋለሁ። ምን ችግር አለው? ብቻ ጎረቤት አታሰሙብኝ።»

ብርጭቆው ከንፈሯ ላይ ሲደርስ ልብስ ሰፊዋ ከእጇ ወሰደችው። ግማሹ ቀሚሷ ላይ ፈሰሰ። በሌላ እጇ ስልኳን አንሥታ ክሊኒኩ ጋ ደወለች። ነርሷ አነሣች፤ «ዶክተሩ በሽተኛ ይዟል፣ ቆይተሽ ደውዪ» አለቻት። «አልቆይም» አለች ልብስ ሰፊዋ፤ እስኪመጣም ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች ቆመች።

«ይቅርታ፣ አልገባኝም» አለ ዶክተሩ ሲሰማት። «ደብተሩ ላይ እኮ…»

«ደብተሩ ላይ ያለው ውሸት ነው፣ ዶክተር።»

«የትኛው?»

«ሁሉም። የቁርሱን የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

ከዚያ የዶክተሩ ድምፅ ጠዋት ከሰማችው ሌላ ሆኖ መጣ። «እሱን አምኜ እኮ ነው ለአርባ አንድ ኪሎ ሴትዮ ያንን መድኃኒት ያዘዝኩት! የታመመ ሰው የሚበላውን ስጠይቃችሁ ጨዋታ መሰላችሁ?»

«አልመሰለንም» አለች። ፊቷ ነደደ፤ እህቷና ወንድሟ ድምፁን እንደሚሰሙ ታውቃለች፤ ቢሆንም ስልኩን ከጆሮዋ አላራቀችውም።

ዶክተሩ ተንፈስ አለ። መድኃኒቱ እንዲደፋ፣ ለስለስ ያለ ነገር አሁኑኑ እንዲያበሏት፣ ጥርሱ እስኪስተካከል አፏ ውስጥ እንዳይገባ አዘዘ። ምርመራው ለጊዜው ይቆያል እንጂ አልተሰረዘም። ነገ ጠዋት ከነጥርሱና ከነደብተሩ ይምጡ። «ከዛሬ ጀምሮ ደግሞ በዓይናችሁ ያያችሁትን ብቻ ጻፉልኝ፣ በማንኪያ ቆጥራችሁ» ብሎ ዘጋው።

ትንሹ ጆጉን አንሥቶ ሊደፋው ወጣ። ልብስ ሰፊዋ ድንች ቀቅላ በወተት አላቆጠችውና እናቷ ፊት ተቀመጠች። በአራት ወር ውስጥ እንዲህ ስትቀመጥ የመጀመሪያዋ ነው። ከጎኗ የደንበኛዋ ቀሚስ አንድ እጅጌ ቀርቶት የስፌት መኪናው ሥር ተወትፏል፤ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እወስደዋለሁ ብላታለች። ትጠብቅ።

አንድ። ሁለት። እናትየዋ እያንዳንዱን ማንኪያ አፏ ውስጥ አቆይታ ቀስ ብላ ትውጣለች። አራተኛው ላይ ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ከሕመሙ ይሁን ከሌላ አልታወቀም። ስድስተኛውን ከዋጠች በኋላ እጇን ሳህኑ ላይ ጋረደች።

«ጥግብ አልኩ፣ ልጄ» አለች እንደ ልማዷ።

ልብስ ሰፊዋ ደብተሩን ስባ ጻፈች፦ «ድንች በወተት። ስድስት ማንኪያ። ሳህኑ ላይ ከግማሽ በላይ ተርፏል።»

ታላቅ እህቷ ከጀርባዋ ቆማ ታነብ ነበር። «ነገ ይህን ይዘን ነው ዶክተሩ ፊት የምንቀርበው?» አለች። «ሦስት መቶ መስመር ውሸት? በጥርሱና በዛሬው ገጽ ብቻ ይሥራ። የድሮዎቹን ቅደጃቸው። ያለፈው አልፏል፤ ከዛሬ እንጀምር።» ይህን ስትል ገጾቹን በአውራ ጣቷና በጠቋሚ ጣቷ አጥፋ ይዛቸው ነበር። መቀሱም እዚያው ጠረጴዛው ላይ ነው። ልብስ ሰፊዋ ለአንድ አፍታ በሐሳቡ ተፈተነች። አንድ ጊዜ ጭርት ማድረግ ነው፤ የእሷም ጽሕፈት አብሮ ይሄድላታል።

የእህቷን ጣቶች ከወረቀቱ ላይ ቀስ ብላ አላቀቀች። የዛሬውን ቁርስ መስመር ፈለገች። «ጥግብ ብላ በላች» የሚለው ላይ አንድ ሰረዝ አሰመረች፤ ከሥሩ ያለው እንዲነበብ አድርጋ። ከጎኑ «አላየሁም። ስፌት ላይ ነበርኩ» ብላ ጻፈችና ወደ ትናንቱ ቁርስ አለፈች።